የአሌክሳንድሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፦ ማን ይወስናል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የልጆቻችን ውጤትስ ምን ይላል?

በቪዲዮ ዝግጅታችን ስለ ልጆች ትምህርት ባነሳን ቁጥር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣልናል፦ «ትምህርት ቤቱ እንዲህ አደረገብን፤ ለማን ነው አቤት የምንለው?» መልሱ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። እኛ ያደግነው ከላይ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከሥሩ ክልል፣ ከዚያ ወረዳ በሚባልበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ትምህርት ቤት የሰፈር ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ከተማና ካውንቲ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ባጀት፣ የራሱ ጣጣ አለው። ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል መንግሥት የሚያዋጣው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ ቦታ ይዘን ከሥር እስከ ላይ እናየዋለን። የመረጥነው የቨርጂኒያዋን አሌክሳንድሪያን ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስፋቷ 15 ስኩዌር ማይል ገደማ። 18 ትምህርት ቤቶችና ወደ 16 ሺህ ተማሪዎች አሏት። ጎረቤቷ ፌርፋክስ ካውንቲ ወደ 180 ሺህ ተማሪ ስላለው ከእሱ ጋር ስትተያይ እፍኝ ናት። እኛን የሚመለከተን ግን ሌላ ነገር ነው። በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቤታቸው ከሚናገሯቸው ከመቶ በላይ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ ከስፓኒሽ ቀጥሎ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። ይህን ያህል ልጆች ያሉት ማኅበረሰብ ውሳኔው በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ድምፁ ምን ያህል ይሰማል? ጽሑፉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አድራሻችሁን አጣሩ

ይህን ያስቀደምነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ፖስታ ቤት «አሌክሳንድሪያ» ብሎ የሚያመጣላችሁ ደብዳቤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ አያደርጋችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ ከካውንቲ የተለየ፣ ራሱን የቻለ አስተዳደር ነው። ሊንከኒያን ጨምሮ በርካታ ሰፈሮች አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ ተብሎ ይጻፍ እንጂ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖር ልጅ የሚማረው በፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው፤ ወላጁም የሚመርጠው የፌርፋክስን ቦርድ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የከተማዋ ምዕራብ ክፍል፣ ዌስት ኤንድ የሚባለው፣ ሴሚናሪ ሮድና ቦረጋርድ አካባቢ ያለው፣ የከተማዋ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ የልጃችሁን ትምህርት ቤት፣ የምትከፍሉትን ግብርና የምትመርጡትን ሰው አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን በከተማው ወይም በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ።

ዘጠኙ የቦርድ አባላት

የአሌክሳንድሪያን ትምህርት ቤቶች የሚመራው ዘጠኝ አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ ነው፤ ስኩል ቦርድ የምንለው። ከተማዋ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብላ በሦስት የምርጫ ቀጠና ተከፍላለች፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ሰው ይመረጣል። የዌስት ኤንድ አብዛኛው ክፍል ሲ ውስጥ ነው። ምርጫው በየሦስት ዓመቱ በኖቬምበር ይደረጋል፤ በ2021 እና በ2024 ተደርጓል። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከተወዳዳሪው ስም አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ሰብሳቢውንና ምክትሉን አባላቱ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሐሳብ የሚሰጡ፣ ግን ድምፅ የሌላቸው የተማሪ ተወካዮችም አብረው ይቀመጣሉ።

ቦርዱ ምን ያደርጋል? ሱፐርኢንቴንደንቱን ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። በቨርጂኒያ ሕግ የሱፐርኢንቴንደንት የመጀመሪያ ውል ከሁለት ዓመት ያላነሰ፣ ከአራት ዓመት ያልበለጠ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ባጀት ያጸድቃል። የትኛው ሰፈር ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ድንበሩን ያሰምራል። የትምህርት ቤት ስም ይሰጣል፣ ይለውጣል። «ቲታኖቹን አስታውሱ» በሚለው ፊልም የምታውቁት፣ በ1971 የስቴቱን የአሜሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ያነሣው ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ሃይስኩል ስሙ የተወሰደው ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው እንዳይማሩ ከተቃወመ የቀድሞ ሱፐርኢንቴንደንት ነበር። ቦርዱ ስሙ እንዲነሣ ወሰነ፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተባለ።

ሱፐርኢንቴንደንቱ ደግሞ የዕለት ሥራውን የሚመራ ዋና ኃላፊ ነው። ርእሰ መምህራን በእሱ ሥር ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የልጃችሁ አስተማሪ ላይ ቅሬታ ካላችሁ የቦርድ አባል ጋ ቀድማችሁ ብትሄዱ ወደ ታች ይመልሳችኋል። መንገዱ ከአስተማሪ ወደ ርእሰ መምህር፣ ከዚያ ወደ ማዕከላዊው ቢሮ ነው። ቦርድ የሚኬደው ለደንብና ለገንዘብ ነው። «አንድ አስተማሪ ልጄን በደለ» እና «ትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ የለውም» ሁለት የተለያዩ በሮች ላይ የሚንኳኩ ጉዳዮች ናቸው።

ለመወዳደር ምን ያስፈልጋል? በቀጠናው የሚኖር የተመዘገበ መራጭ መሆንና የ125 መራጮችን ፊርማ ማሰባሰብ። 125 ፊርማ! አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወይም አንድ የመስጊድ ጁምዓ ከዚህ የበለጠ ሰው ይሰበስባል።

ታሪክም አለ። በዌስት ኤንድ ብዙ ልጆቻችን የሚማሩበት ፈርዲናንድ ቲ. ዴይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ2018 ከቢሮ ሕንፃ ተቀይሮ የተከፈተው፣ የተሰየመው በቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ለመሆን የመጀመሪያ በሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ስም ነው። ልጆቻችን በየቀኑ የሚገቡበት በር ላይ የተጻፈው ስም የቦርድ ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል።

ቦርዱ ያቅዳል፣ ገንዘቡ ግን ሌላ ቤት ነው

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ እንግባ። የቨርጂኒያ የትምህርት ቦርዶች ግብር የመጣል ሥልጣን የላቸውም። አንድ ሳንቲም እንኳ ራሳቸው መሰብሰብ አይችሉም። የአሌክሳንድሪያ ቦርድ ባጀቱን ያዘጋጅና ወደ ከተማው ምክር ቤት ይልካል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ከንቲባውና ስድስት አባላት ናቸው። ስንት ይሰጥ የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ ሰባት ሰዎች ናቸው። ለዕለት ሥራው ከሚወጣው ገንዘብ አብላጫው፣ ከአምስት ዶላር አራቱ ገደማ፣ የሚመጣው ከከተማው ነው።

ከተማው ከየት ያመጣል? በዋናነት ከቤትና ከሕንፃ ግብር። በ2024 የአሌክሳንድሪያ የንብረት ግብር ለእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት ከ1.11 ዶላር ወደ 1.135 ዶላር ከፍ ተደርጓል። ስሌቱን በቤታችን እንየው፦ 600 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት በዚህ ተመን በዓመት 6,810 ዶላር ይከፍላል። በፊት 6,660 ነበር፤ ልዩነቱ 150 ዶላር። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል ካለ፣ አከራዩ ያንን ግብር ከኪሱ ይከፍላል ብላችሁ ታምናላችሁ? በኪራይ በኩል ይመጣል። ሁላችንም እየከፈልን ነው።

ከባጀቱ አብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ነው፤ ትምህርት ቤት ማለት በመሠረቱ ሰው ነውና። ስለዚህ ምክር ቤቱ ከተጠየቀው ቢቀንስ የሚነካው ወይ የአስተማሪ ጭማሪ ነው፣ ወይ የእንግሊዝኛ ድጋፍ አስተማሪዎች ቁጥር፣ ወይ የክፍል ተማሪ ብዛት። ለአዲስ ሕንፃና ለእድሳት የሚሆነው ገንዘብ ግን የካፒታል ባጀት ተብሎ ለብቻ ለአሥር ዓመት ይታቀዳል። በ2023 እንደገና ተገንብቶ የተከፈተው ዳግላስ ማክአርተር አንደኛ ደረጃና በ2024 የተከፈተው አዲሱ የሚኒ ሃዋርድ ካምፓስ የመጡት በዚያ በኩል ነው። «ሕንፃ ይሠራሉ፣ አስተማሪ የላቸውም» የሚለው ወሬ የሚመጣው ሁለቱ ከረጢት ሲቀላቀል ነው።

በሕጉ መሠረት ምክር ቤቱ ገንዘቡን በአጠቃላይ ወይም በትላልቅ ዘርፎች መድቦ ይሰጣል እንጂ «ይህን አስተማሪ ቅጠር፣ ያንን መጽሐፍ ግዛ» ማለት አይችልም። በተግባር ግን የገንዘብ ቦርሳ የያዘ ሰው ድምፁ ይጎላል። ጥሩው ምሳሌ 2021 ነው። ምክር ቤቱ በሜይ በትምህርት ቤቶች ለሚቆሙ ፖሊሶች የሚወጣው ወደ 800 ሺህ ዶላር ለልጆች የአእምሮ ጤና እንዲዞር 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ትምህርት ቤቶቹ ተከፍተው ጠብና የጦር መሣሪያ ጉዳይ ሲያሳስብ፣ የትምህርት ኃላፊዎቹ ፖሊሶቹ ይመለሱልን አሉ። ኦክቶበር ላይ ያው ምክር ቤት፣ አሁንም 4 ለ3፣ መለሳቸው። በአንድ ሰው ድምፅ ወዲያ፣ በአንድ ሰው ድምፅ ወዲህ። ትንሽ ከተማ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ሰው ይለውጠዋል።

ስቴቱስ ለምን ትንሽ ይሰጣል?

ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ የሚያካፍለው በቀመር ነው። በመጀመሪያ ለመሠረታዊ ትምህርት ስንት እንደሚያስፈልግ ያሰላል። ከዚያ ያ አካባቢ ምን ያህል መክፈል ይችላል የሚለውን የሚለካ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሚሠራው ከሦስት ነገር ነው፦ ከንብረት ዋጋ 50 በመቶ፣ ከነዋሪዎች ገቢ 40 በመቶ፣ ከችርቻሮ ሽያጭ 10 በመቶ። ከፍተኛው ጣሪያ 0.8 ነው፤ አሌክሳንድሪያ ጣሪያው ላይ ናት። ምን ማለት መሰላችሁ? ስቴቱ ያስፈልጋል ብሎ ካሰላው 100 ዶላር ውስጥ «80ውን ራስሽ ክፈይ፣ እኔ 20 እጨምራለሁ» ይላታል።

በወረቀት ላይ አሌክሳንድሪያ ሀብታም ናት። በወንዙ ዳር በኦልድ ታውን ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ ቤቶች አሉ፤ ቀመሩ የሚያየው እነሱን ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ተማሪዎች በቤተሰባቸው ዝቅተኛ ገቢ ምክንያት ነፃ ወይም ቅናሽ ምግብ የሚገባቸው ናቸው። የቤቱ ዋጋ የአንዱ፣ በክፍሉ የተቀመጠው ልጅ የሌላው።

በዚያ ላይ ስቴቱ ራሱ «ያስፈልጋል» ብሎ የሚያሰላው ገንዘብ አነስተኛ ነው የሚል ክርክር አለ። ጄላርክ የሚባለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የራሱ የኦዲትና ግምገማ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች የሚያገኙት ገንዘብ ከአሜሪካ ስቴቶች አማካይ በ14 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ተማሪ በ1,900 ዶላር ገደማ ያነሰ እንደሆነ ገልጿል። ጉድለቱን የሚሞላው የከተማው ግብር ከፋይ ነው።

ካላንደሩን ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን። የባጀቱ ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ ሥራው ግን ከስድስት ወር በፊት ይጀምራል።

ጃንዋሪ፦ ሱፐርኢንቴንደንቱ ረቂቅ ባጀት ለቦርዱ ያቀርባል።
ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ፦ ቦርዱ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ያደርጋል፣ ይከራከራል፣ የሚጠይቀውን ያጸድቃል።
ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች መጀመሪያ፦ የከተማው ማናጀር የመላ ከተማውን ረቂቅ ባጀት ለምክር ቤቱ ያቀርባል።
ማርችና ኤፕሪል፦ ምክር ቤቱ የግብሩን ጣሪያ ያስቀምጣል፣ ሕዝብ ያዳምጣል።
ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ፦ ምክር ቤቱ ያጸድቃል።
ጁን፦ ቦርዱ በተሰጠው ልክ ባጀቱን አስተካክሎ የመጨረሻውን ያጸድቃል።

እኛስ መቼ ነው የምንነቃው? ትምህርት ሊከፈት ሲል ወይም ከተከፈተ በኋላ። «የኢ.ኤስ.ኤል አስተማሪ የለም፣ ክፍሉ ሞልቷል፣ አውቶብስ ይዘገያል» እያልን ስንናገር ገንዘቡ ከተመደበ ወራት አልፈዋል። ያኔ ትክክለኛው ሰው ፊት ብንቆም እንኳ መልሱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው። ፌብሩዋሪ ላይ የተነገረ ሦስት ደቂቃ፣ ሴፕቴምበር ላይ ከተነገረ ሦስት ሰዓት ይበልጣል።

ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም። ለመምረጥ ዜጋ መሆንና መመዝገብ ግድ ነው፤ ቦርዱ ፊት ቆሞ ለመናገር ግን ግሪን ካርድም ሆነ ሌላ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ስብሰባዎቹ በቪዲዮ ይተላለፋሉ። ማታ ሥራ ያለበት በጽሑፍ መላክ ይችላል። ሰነድ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የቨርጂኒያ የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ፤ የስቴቱ ነዋሪ በጽሑፍ ሲጠይቅ መሥሪያ ቤቱ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይችላል፣ ዝም ማለት ግን አይችልም።

ውጤቱ ምን ይላል?

ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ የትምህርት ቤቶቹን ደረጃ ብታዩ አሌክሳንድሪያ ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። ልጆች ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ኤስ.ኦ.ኤል የሚባለውን የስቴት ፈተና ይወስዳሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 600 ነው፤ 400 ማለፊያ፣ 500 ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ማለፍ ነው። በ2023-24 የስቴቱ አማካይ የማለፍ መጠን በንባብ 73 በመቶ፣ በሒሳብ 71 በመቶ ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ከዚህ በታች ናት።

ይህን ሲያዩ «ትምህርት ቤቱ መጥፎ ነው» ብለው ቤት ሸጠው የሚሄዱ አሉ። ትንሽ ረጋ እንበል። ከተማዋ ውስጥ ከሲሶ በላይ ተማሪዎች ገና እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ፣ ከካቡል ወይም ከሆንዱራስ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የንባብ ፈተና ወድቆ ቢገኝ የሚለካው አስተማሪው ነው ወይስ የቆየበት ጊዜ? ስለዚህ የማለፊያውን ቁጥር ለብቻው አትዩት። ሁለት ነገር ጨምሩበት፦ ልጁ ካለፈው ዓመት ስንት ነጥብ አደገ? እንደ እሱ ያሉ ልጆች፣ ማለትም በተመሳሳይ ገቢና ቋንቋ ያሉት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ናቸው? ይህ ሁሉ በቨርጂኒያ የትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በየትምህርት ቤቱ ተዘርዝሮ ይገኛል።

በሌላ በኩል «ስደተኛ ስለበዛ ነው» የሚለው ምክንያት ለትምህርት ቤቱ የዘላለም መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ልጃችሁ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ አሁንም ማንበብ ካልቻለ ያኔ ጥያቄው የጊዜ አይደለም።

የስቴቱ ቁጣም አለ። በ2013 የቨርጂኒያ መንግሥት ውጤታቸው ተደጋግሞ የወደቀ ትምህርት ቤቶችን ከየቦርዱ ነጥቆ ራሱ የሚያስተዳድርበት ሕግ አወጣ። ከታለሙት አንዱ የአሌክሳንድሪያው ጀፈርሰን ሂውስተን ነበር። የኖርፎክ ከተማ ቦርድ ከሰሰ፤ በ2014 ፍርድ ቤቱ ሕጉ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል አለ፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት የማስተዳደር ሥልጣን የአካባቢው ቦርድ ነው። ትምህርት ቤቱ በከተማዋ እጅ ቀረ። የምንመርጠው ቦርድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የስቴቱ የትምህርት ቦርድ በ2024 አዲስ የመመዘኛ ሥርዓት አጽድቋል፤ ትምህርት ቤቶች ከላይ ወደ ታች በአራት ደረጃ ይመደባሉ። ለኛ ዋናው ለውጥ ይህ ነው፦ በፊት የአዲስ ገቢ ልጆች የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የትምህርት ቤቱን ደረጃ እንዳይጎዳ እስከ 11 ሴሚስተር ድረስ ሊታለፍ ይችል ነበር። በአዲሱ ወደ ሦስት ሴሚስተር ወርዷል። ደጋፊዎቹ «ልጆቹ እንዳይዘነጉ ነው» ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ «በዓመት ተኩል ማን ቋንቋ ይጨርሳል?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንደ አሌክሳንድሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደረጃቸው ወርዶ ብታዩ፣ የወረደው ትምህርቱ ይሁን ወይስ የተቀየረው ሚዛኑ፣ መጀመሪያ ጠይቁ።

ልጄ ከኢ.ኤስ.ኤል መቼ ይወጣል?

ይህ በጣም የምንጠየቀው ነው። ልጁ ሲመዘገብ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ቅጽ ትሞላላችሁ። ሌላ ቋንቋ ካለ ይፈተናል። ከዚያ በየዓመቱ ክረምቱ ላይ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ፣ ዊዳ የሚባለውን ፈተና ይወስዳል፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ። ነጥቡ ከ1 እስከ 6 ነው፤ በቨርጂኒያ አጠቃላይ ውጤቱ 4.4 ሲደርስ ይወጣል። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ በመናገር ፈጥነው ያልፉና በመጻፍ ይያዛሉ። «ልጄ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ይጠጣል፣ ለምን ኢ.ኤስ.ኤል ያስገቡታል?» የሚል ወላጅ የአራቱን ክፍል ውጤት ለየብቻ ይጠይቅ። የጎደለው እዚያ ላይ ይታያል።

ወላጅ ድጋፉን አልፈልግም ማለት ይችላል። ልጁ ግን 4.4 እስኪደርስ ድረስ ፈተናውን በየዓመቱ መውሰዱ አይቀርም። ስለዚህ እልህ ውስጥ ገብቶ ድጋፉን ማስቀረት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ልጁን ነው።

ትልልቅ ልጆች ይዛችሁ ለመጣችሁ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ በነፃ መማር መብት ነው፤ ከ12 ዓመታቸው በኋላ ወደ ቨርጂኒያ ትምህርት ቤት የገቡ እንግሊዝኛ ተማሪዎችን ደግሞ እስከ 22 ዓመታቸው ሊቀበሏቸው ይችላሉ። «18 ሞልቶታል፣ ሥራ ይግባ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሃይስኩሉ ለአዲስ ገቢዎች ኢንተርናሽናል አካዳሚ የሚባል ክፍል አለው።

ዲፕሎማው ሁለት ዓይነት መሆኑንም እወቁ። መደበኛው 22 ክሬዲት፣ ከፍ ያለው 26 ክሬዲት ይጠይቃል። ከፍ ያለው የውጭ ቋንቋ ትምህርትም ይፈልጋል። አማርኛ የሚያነብና የሚጽፍ ልጅ በፈተና የቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችል እንደሆነ ካውንስለሩን በዘጠነኛ ክፍል ጠይቁት፤ በአሥራ ሁለተኛ ከተጠየቀ ረፍዷል። ያ የቅዳሜ የፊደል ትምህርት እንግዲህ ለዚህም ይጠቅማል።

አገር ቤት ስንሄድ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ያህል ነው። ከዚህ 10 በመቶ፣ ማለትም 18 ቀን የቀረ ልጅ፣ በሽታም ይሁን ጉዞ፣ ተደጋጋሚ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቁጥሩም የትምህርት ቤቱን ደረጃ ይነካል። ገናን ብለን ሄደን ጥምቀትን ደግመን የምንመለስ ሰዎች የትምህርት ቤቱ እረፍት ካለቀ በኋላ ብቻ ከሁለት ሳምንት በላይ እናሳልፋለን። በዚያ ላይ 15 የትምህርት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ማስመዝገብ ሊኖርባችሁ ነው። ከቻላችሁ ጉዞውን ወደ በጋው እረፍት አድርጉት። ካልቻላችሁ ቀኑን ቆጥራችሁ፣ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ሂዱ።

አራት የማይነኩ መብቶች

አንደኛ፣ በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕላይለር ከዶ በተባለው ክርክር በሰጠው ውሳኔ ማንኛውም ልጅ በወረቀቱ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከልም።

ሁለተኛ፣ በ1974 በላው ከኒኮልስ ውሳኔ መሠረት እንግሊዝኛ የማይችልን ልጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ዝም ማለት ሕገ ወጥ ነው።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ ስለ ልጁ አስፈላጊውን መረጃ በሚገባው ቋንቋ የማግኘት መብት አለው፤ አስተርጓሚው ነፃ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ጥፋት የሚያወራውን ስብሰባ የሚተረጉም ልጅ ምን ቆርጦ ምን እንደሚቀጥል እናውቀዋለን።

አራተኛ፣ የልጃችሁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት አላችሁ።

ሌላ ቦታ ላላችሁ

እንደየስቴቱ አሠራሩ ይለያል። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንደ ቨርጂኒያ ነው፤ ቦርዱ ይጠይቃል፣ ካውንቲው ይሰጣል። ዲ.ሲ. ከ2007 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ በከንቲባው ሥር ናቸው፤ እዚያ አቤቱታው ወደ ከንቲባውና ወደ ምክር ቤቱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የትምህርት ዲስትሪክቱ ራሱ ግብር ይጥላል። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የትምህርት ቤት ሌቪ የሚባለውን በቀጥታ በድምፃችሁ ታጸድቃላችሁ። በየትም ብትሆኑ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ባጀቱን የሚያጸድቀው ማነው? በየትኛው ወር?

ሥራ ይበዛብናል፣ ሁለት ፈረቃ እንሠራለን፣ እውነት ነው። ሁሉም ሰው ሁሉም ስብሰባ ላይ ይገኝ አንልም። ከአንድ ሕንፃ ወይም ከአንድ ማኅበር በዓመት አንድ ሰው፣ በፌብሩዋሪ፣ ለሦስት ደቂቃ ቢናገር ይበቃል። ቢቻል ተራ ግቡ፤ ዕቁብ ተራ ጠብቀን እናወጣ የለ? ይህኛው ዕቁብ የሚወጣው ለልጆቻችን ነው።

በየከተማችሁ ያለውን አሠራር በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነሳዋለን። ለሚጠቅመው ወላጅ አጋሩት።